ድመት የነከሳት ጊኒ ፒጋችን፦ የማስታመም ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ቦሪትን ድመት ነክሳታለች። ቤቷ በረንዳው ላይ ነው፤ ድመቷ በሽቦው ቀዳዳ መዳፏን አስገብታ የኋላ ቀኝ እግሯን ጎትታ ነው የነከሰቻት። ጩኸቱን ሰምተን ስንወጣ አጥሩን ዘላ ሄደች። ጭኗ ላይ ሁለት ጠባብ ቀዳዳዎች አሉ፤ ከቋንጃዋ በታች ደግሞ 1 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቆዳ ተገሽልጧል። እግሯን አንጠልጥላ በሦስቱ ቆማለች። ደሙ ይንጠባጠባል እንጂ አይፈናጠርም።

ቦሪት የልጄ ጊኒ ፒግ ናት፤ ጊኒ ፒግ ጭራ የሌለው፣ ሣር የሚበላ ትንሽ የቤት እንስሳ ነው። ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለ ስሙን ያወጣችላት እናቴ ናት። ቡናማዋ ዳሚት አብራት ትኖራለች፤ እሷን አልነካቻትም።

በፎጣ ጠቅልዬ አንዱን እጄን ከደረቷ ሥር፣ ሌላውን ከኋላዋ ሥር አድርጌ አነሳኋት። ጊኒ ፒግ ሲፈራ ይወራጫል፤ በአንድ እጅ ከተያዘ ወይ ይወድቃል ወይ ወገቡ ይጎዳል። ንጹሕ ጎዝ ቁስሉ ላይ ጫን አድርጌ ያዝኩ። ደሙ ቆመ አልቆመም እያሉ በየደቂቃው ገለጥ ማድረግ የረጋውን መልሶ ይቀደዋል። ስለዚህ ልጄ ሰዓት ያዘችልኝ፣ እኔም 5 ደቂቃ ሙሉ ሳላነሳ ቆየሁ። ቆመ።

ጆሮዎቿ ቀዝቅዘዋል፤ ድዷ ግን ሮዝ ነው። ድዷ ነጥቶ፣ አካሏ ዝሎ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ትቼ በዚያው ሰዓት ሐኪም ፍለጋ መውጣት ነበረብኝ። ለብ ያለ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ፣ በካልሲ አልብሼ፣ በካርቶኑ አንድ ጥግ ብቻ አስቀመጥኩላት፤ ሲበርዳት እንድትጠጋው፣ ሲሞቃት እንድትሸሸው። የጊኒ ፒግ የሰውነት ሙቀት ከ37.2 እስከ 39.5 ዲግሪ ነው። የሐምሌ ማታ እዚህ ጅማ እርጥብና ቀዝቃዛ ነው፤ የቆሰለ ትንሽ እንስሳ ደግሞ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል።

ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል

ከጎናችን ያሉት እማማ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። የተወቀጠ ቡና በስኒ ይዘዋል። «ነስንሺበት ልጄ፣ ወዲያው ያደርቅልሻል» አሉኝ። ቁስል ላይ ቡና መነስነስን እዚህ አገር የማያውቅ የለም፤ እኔም ልጅ ሆኜ ጉልበቴ ላይ ተነስንሶልኛል። «እማማ፣ ይቺ እንስሳ ቁስሏን ትልሳለች፤ ቡናው ሆዷ ይገባና ልቧ አይችለውም» አልኳቸው። በደቂቃ ከ230 እስከ 380 ጊዜ የሚመታ ልብ ነው፤ ካፌይን አይጨመርበትም። ዱቄቱም ጠባቡ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ኋላ የሚያወጣው የለም። እማማ አልተቀየሙም። ጀበናው ተጣደና አብረን ስናያት አመሸን።

ባለቤቴ መድኃኒት ቤት ሄዶ ኖርማል ሳላይን (የቁስል ማጠቢያ የጨው ውኃ)፣ ጎዝ፣ ፖቪዶን አዮዲን የሚባለውን ጀርም ማጥፊያና መርፌ የሌላቸው ሲሪንጆች ይዞ መጣ። ሻጩ ልጅ ከልቡ ሊረዳው ፈልጎ «አሞክሳሲሊን ካፕሱል ከፍታችሁ ዱቄቱን አድርጉበት፤ በአፏም ትንሽ ስጧት» ብሎታል። በሰው ቁስል ላይ ይህን ስናደርግ ኖረናል። ጊኒ ፒግ ላይ ግን ገዳይ ነው፣ እና ይህን ማስታወሻ ከሁሉ በላይ የምጽፈው ለዚህች አንቀጽ ስል ነው።

የጊኒ ፒግ አንጀት ሣሩን የሚፈጩለት ባክቴሪያዎች መኖሪያ ነው። ፔኒሲሊን፣ አምፒሲሊንና አሞክሳሲሊን እነዚህን ባክቴሪያዎች ይጨርሷቸዋል፤ ባዶ በቀረው ቦታ ክሎስትሪዲየም የሚባለው ይራባና መርዝ ይረጫል። እንስሳው ተቅማጥ ይይዘውና በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ክሊንዳማይሲን፣ ሊንኮማይሲንና ኤሪትሮማይሲንም እንዲሁ ናቸው። ጉዳዩ አዲስ አይደለም፤ ፔኒሲሊን ጊኒ ፒግን እንደሚገድል በ1943 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በ1940 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ ላይ ተመራማሪው ፍሎሪና ባልደረቦቹ መድኃኒቱን መጀመሪያ የሞከሩት በአይጦች ላይ ነበር፤ አይጦቹም ዳኑ። በዚያ ቀን ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ጊኒ ፒጎች ቢሆኑ ፔኒሲሊን መርዝ ተብሎ ሊጣል ይችል ነበር። ከላይ የተነሰነሰ ዱቄትም ያው ነው፤ ልሳ ትውጠዋለች።

ባለቤቴ ካፕሱሉን ሳይገዛ መጣ። ቤት ውስጥ የተረፈ እንዳለም ፈልገን ከመሳቢያው አወጣን፣ እኛ በሌለንበት ሰው አዝኖላት እንዳይሰጣት።

ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

አጠብነው። መጀመሪያ በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ፀጉር በትንሽ መቀስ ከረከምኩ፤ ደም የነካው ፀጉር ሲደርቅ ቆዳውን ይጎትታል፣ ዝንብም ይጠራል። ከዚያ ሳላይኑን ለብ አድርጌ በሲሪንጅ ወደ ቀዳዳዎቹ ረጨሁ፣ የሚወጣው ውኃ እስኪጠራ። ኖርማል ሳላይን ለማያገኝ ሰው፦ ፈልቶ በቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ጨው። ፖቪዶኑን ቀጭን የሻይ መልክ እስኪይዝ በሳላይን አቅጥኜ ጠርዙን ብቻ ጠረግሁ። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አላስነካኋትም፤ ሊድን የሚፈልገውን ሥጋ ያቃጥላሉ።

አላሰርኩትም። ጨርቁን በጥርሷ ታወጣዋለች፣ ልትውጠውም ትችላለች። በአንገት ላይ የሚታሰረውም መከላከያ ለጊኒ ፒግ አይሆንም፤ ከራሷ የሚወጣውን ለስላሳ ፍግ ጎንበስ ብላ መብላት አለባት፣ የተወሰኑ ቫይታሚኖቿን የምታገኘው ከዚያ ነው።

መኝታዋ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ሆኗል፤ ደምም ሽንትም ይታይበታል። እስከዛሬ የምናነጥፍላት ከበርጩማ ሠሪዎቹ ያመጣነውን ሰጋቱራ ነበር። ጅማ ሰጋቱራ ሞልቷል፣ ግን ብናኙ ቁስል ላይ ይጣበቃል፤ የጥድ ከሆነ ደግሞ ሽታው ሳንባ ይጎዳል። የቡና ገለባ ያነጥፋሉ የሚሉኝም አሉ፤ ይሻግታል፣ ካፌይኑም ውስጡ አለ፣ አይሆንም።

ከላይ አጎበር ጣልኩባት። በክረምት ዝንብ ክፍት ቁስል ላይ እንቁላል ከጣለ በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይሆናል።

እሑድ ጠዋት

ሌሊቱን አንድ ቅጠል አልቀመሰችም። ፍጓም ጥቂት ነው፣ ያውም ትንንሽና ደረቅ።

የእንስሳት ሐኪሟን በስልክ አገኘኋቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያክሙት ከብት ነው፤ ግን «አምጪያት፣ ሚዛን ካላችሁ ሚዛኑንም ይዘሽ ነዪ» አሉኝ። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ስለ ቦሪት አልነበረም፦ «ድመቷ ሰው ነክሳለች? ቧጥጣለች?» ማንንም አልነካችም። ቢሆን ኖሮ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ ያኔውኑ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ ስላለ ድመትም ቢሆን አይናቅም። የድመቷን ባለቤቶች አገኘናቸው፤ የክትባት ወረቀቷን አሳዩን።

ከዚያ ቦሪትን ወሰድኳት፤ ሐኪሟ እግሯን ከዳሌ እስከ ጣት ከጤነኛው ጋር እያስተያዩ ዳሰሱት። አጥንቱ አልተሰበረም፤ ያበጠው ጡንቻው ነው። ጣቶቿን ሲቆነጥጧት እግሯን ትሰበስባለች፣ ስለዚህ ነርቩም አለ። ጭኗ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ሊሰፉ ነው ብዬ ነበር። «የድመት ጥርስ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ጀርሙን ወደ ጥልቁ አስገብቶ ይወጣል። ከላይ ከዘጋሁት ውስጥ ውስጡን ይመግላል» አሉኝ። ዋናው ጀርም ፓስቱሬላ ይባላል፣ ድመት አፍ ውስጥ የተለመደ ነው።

የሕመም ማስታገሻ ሜሎክሲካም በመርፌ ሰጧት። ለጀርሙ የመረጡት ኮትሪሞክሳዞል ነው፤ ለሕፃናት የሚሸጠው ሽሮፕ፣ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 240 ሚሊ ግራም ያለው። ሚዛኑ 812 ግራም አለ (ያለፈው ሳምንት 840 ነበረች)። ግማሽ ሚሊ ሊትር፣ በየ12 ሰዓቱ። ልኩ የወጣው ለሷ ክብደትና ለሷ ቁስል ነው፤ የሌላ ሰው ጊኒ ፒግ የራሱ ሐኪምና የራሱ ሚዛን ያስፈልገዋል። የቤት ፓራሲታሞልም ሆነ አይቡፕሮፌን በግምት አይሰጥም።

ስንወጣ የነገሩኝ ግን ከሽሮፑ ይበልጣል፦ «ቁስሉ አይገድላትም፤ ሆዷ ከቆመ ግን ትሞትብሻለች። ዛሬውኑ አብያት።»

እሑድ ማታ

የጊኒ ፒግ ሆድ ያለማቋረጥ መሥራት አለበት። ሕመም ሲሰማው መብላት ይተዋል፤ ካልበላ አንጀቱ ይቆማል፤ ሲቆም ጋዝ ይሞላና ሕመሙ ይብሳል፤ ከዚያ ጭራሽ አይበላም። ከ12 ሰዓት በላይ ያለ ምግብ ማለፍ አደጋ ነው። ለዚህ ነው ማስታገሻው ቅንጦት ያልሆነው፤ ካላመማት ትበላለች።

ውጭ አገር ለዚህ የሚሆን የታሸገ ዱቄት ይሸጣል። እኛ ያለንን ሠራን። ደረቅ ሣር በሙቀጫ ወቅጬ በወንፊት ነፋሁት፣ በጣም የላመውን ብቻ ወሰድኩ። ትንሽ ፉርሽካ ጨመርኩበት። በለብታ ውኃና በተጨመቀ የጎመን ቅጠል ለወስኩት፣ በሲሪንጅ የሚያልፍ አጥሚት እስኪሆን። የሲሪንጁን አፍ በምላጭ ሰፋ አድርጌ በሞረድ አለሰለስኩት፣ ድዷን እንዳይቧጥጥ። ስኳር የለበትም፣ ወተት የለበትም።

አሰጣጡ፦ ጭኔ ላይ በፎጣ ጠቅልያት፣ ቀና ብላ በሆዷ ተቀምጣ፤ በጀርባ ማስተኛት አይሆንም። የፊት ጥርሶቿና የመንጋጋ ጥርሶቿ መሃል ባዶ ቦታ አለ፤ ሲሪንጁ በጎን በኩል በዚያ ይገባል። ጠብ ብቻ አድርጎ ማኘኳን መጠበቅ። ቀጥታ ወደ ጉሮሮ ከተገፋ ሳንባዋ ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያውን ተፋችው። ሁለተኛውንም። ከዚያ መንጋጋዋ መንቀሳቀስ ጀመረ፣ ልጄ ትንፋሿን ይዛ ስታይ ነበር።

በቀን የሚያስፈልጋት ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ50 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለሷ ከ40 እስከ 65 መሆኑ ነው። በአንድ ጊዜ አይሞከርም። በየ3 ሰዓቱ እናደርገዋለን፣ ሌሊትም። የሌሊቱን 6 ሰዓት ባለቤቴ፣ የ9 ሰዓቱን እኔ።

ሰኞ

796 ግራም። ከ840 ላይ 10 በመቶ ወረደች ማለት 756 ነው፤ እዚያ ከደረሰች ሐኪሟ እንድመልሳት ነግረውኛል። ቁጥሩን ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ።

ልጄ ልታባብላት አቮካዶ ቆርሳ መጣች። በዚህ ወቅት በየግቢው አለ፣ ማንም ሰው እንዲህ ያስባል። አቮካዶ ለጊኒ ፒግ መርዝ ነው፤ ፍሬውም ቅጠሉም። ሽንኩርትም፣ ነጭ ሽንኩርትም፣ የድንች ቅጠልም እንዲሁ። ለሚያስታምም ሰው የሚከለከለው ከሚፈቀደው እኩል መታወቅ አለበት፣ ምክንያቱም ለታመመ ሁሉም ሰው የሚያጎርሰው ይዞ ይመጣል።

የምትፈልገው ቫይታሚን ሲ ነው። ጊኒ ፒግ እንደ እኛው ሰውነቱ ይህን ቫይታሚን አይሠራም። በ1907 እ.ኤ.አ. ኖርዌይ ውስጥ ሆልስትና ፍሮሊክ ጊኒ ፒጎችን እህል ብቻ መግበው ድድ የሚያደማውን የመርከበኞች በሽታ፣ ስከርቪን፣ አይተውባቸዋል፤ ቫይታሚኑ የታወቀው በዚያ መንገድ ነው። ቁስል የሚጋጠመውም ያለሱ አይደለም። እማማ ከግቢያቸው ዘይቱና ላኩልን፤ ከብርቱካን ከ3 እጥፍ በላይ ቫይታሚን ሲ አለው። ስኳሩ እንዳይበዛ ስስ ቁራጭ ብቻ ጨምቄ ከአጥሚቱ ጋር ሰጠኋት። ውኃዋ ውስጥ አይጨመርም፤ ቶሎ ይበላሻል፣ ጣዕሙም ውኃውን ያስጠላታል።

ማክሰኞ

781። ወረደች። ፍጓን በነጩ ጨርቅ ላይ ስናይ ግን ከትናንቱ ረዘም፣ ለስለስ ያለና ጥቁር ቡናማ ነው። ሆዷ እየሠራ ነው። ሚዛኑ ከፍጉ በኋላ እንደሚከተል ሐኪሟ ነግረውኛል፤ ቢሆንም ቁጥሩን ሳይ አልቅሻለሁ።

ዳሚትን ከጎኗ አምጥተናታል፣ መሃላቸው ሽቦ ነው። ጊኒ ፒግ ብቻውን አይኖርም፤ ብቸኝነት ራሱ ምግብ ያስተዋል። ዳሚት ሣሩን ስትቆረጥም ቦሪት ጆሮዋን አቀናች። ከዚያ ተጎተተችና የሣር ጫፍ ጎርሳ ያዘች፤ አኘከችው አልልም፣ ያዘችው። ዛሬ በቃኝ።

ረቡዕ

የላይኛው ቀዳዳ ተዘግቶ ከሥሩ እብጠት ወጥቷል፣ ይሞቃል፣ ስነካት ትጮኻለች። ሐኪሟ የፈሩት ይህንኑ ነበር። ወሰድኳት። ቅርፊቱን አንስተው ወፍራም ነጭ መግል አወጡ፤ የጊኒ ፒግ መግል እንደ ሌላው አይፈስም፣ ካልወጣ አይወጣም። ውስጡን አጠቡና ቀዳዳውን ክፍት ተዉት። አሁን ሥራዬ ጠዋትና ማታ በሳላይን ማጠብና ከላይ ቶሎ እንዳይዘጋ መጠበቅ ነው፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው መዳን ያለበት። በቤት ውስጥ ማፍረጥ አይሞከርም፤ መግሉ ወደ ውስጥ ከተገፋ ወደ ደም ይገባል።

ሜሎክሲካሙ ተደገመ።

ሐሙስ

788! በራሷ የጎመን ቅጠል በላች፣ እንዝርት ስታሽከረክር እንደምትውል ሴት ቅጠሉን ከጫፉ እየሳበች ሳታቋርጥ። አጥሚቱን ወደ ቀን 4 ጊዜ አወረድነው፣ የሌሊቱ ቀረ።

ጤነኛውን የግራ እግሯንም ማየት ጀመርኩ። ክብደቷን በሙሉ በእሱ ስለያዘች ውስጥ እግሩ ሊቀላና ሊቆስል ይችላል፤ ይህ ደግሞ ከንክሻው በላይ የሚያስቸግር ነው። ቀላ ብሏል፣ አልተላጠም። ከጨርቁ ሥር ሌላ ወፍራም ፎጣ ጨመርኩ።

ቅዳሜ

መታጠቡን ለምዳዋለች ማለት አልችልም፣ ግን አትወራጭም። ቀዳዳው ጠቧል፣ ከውስጡ ሮዝ ሥጋ ይታያል፣ ሽታ የለውም። የተገሸለጠው ቆዳ ደርቋል። እግሯን መሬት ማስነካት ጀምራለች።

ሽሮፑ ይቀጥላል። ዳነች ብሎ በመሃል ማቆም ሐኪሟ አጥብቀው የከለከሉት ነገር ነው።

የሚቀጥለው ሐሙስ

815። አናጢው መጥቶ ቤታቸውን ሠራ። አሁን ፊት ለፊቱ ሁለት ድርብ ሽቦ ነው፤ የሽቦው ቀዳዳ 13 ሚሊ ሜትር፣ በሁለቱ ሽቦዎች መሃል አራት ጣት ክፍተት። የድመት መዳፍ የፊተኛውን ቢያልፍ እንኳ የኋለኛው ጋ አይደርስም። ከውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚሸሸጉበት ሣጥን አለ፣ ሁለት በር ያለው፣ አንዷ ሌላዋን እንዳትዘጋባት። ሣጥኑን የሠራው ከዋንዛ ነው፣ ጥድ እንዳይሆን አስቀድሜ ነግሬዋለሁ።

እሑድ

ሐኪሟ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን አይተው መድኃኒቱ እንዲያበቃ ፈቀዱ። ቦሪትና ዳሚት ዛሬ ያለ ሽቦ ተገናኙ፤ እንዳይጣሉ አዲስ በተጠረገ ወለል ላይ፣ ሁለት የሣር ክምር ተቀምጦ። ተሸታተቱ፣ ዳሚት አንዴ አጉረመረመች፣ ከዚያ ሁለቱም ሣሩ ላይ ተጠመዱ።

ስትሮጥ ቀኝ እግሯን ትንሽ ወደ ውጭ ትወረውራለች። የጡንቻው ጠባሳ ነው፤ ሊቀር ይችላል ተብለናል፣ አያማትም። ልጄ በየእሑዱ ትመዝናታለች፤ ክብደቷ በአንድ ሳምንት ከ50 ግራም በላይ ከወረደ ወይም ጭኗ ላይ እብጠት ከተመለሰ ያኔውኑ ወደ ሐኪሟ እንሄዳለን።